ከእግሯ በፊት ወለሉ ይታይ

አንዲት ጫጩት በተፈለፈለች ማግስት እግሮቿን ግራና ቀኝ አንፈራጥጣ በሆዷ ተዘርግታ ከተገኘች፣ በቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ሐኪም ይሆናል። አንዱ «ብርድ መቷት ነው» ይላል። ሌላዋ «የለም፣ ዓይን በልቷት ነው፤ ትናንት ያቺ ጎረቤት መጥታ ‹እንዴት ያምራሉ!› ስትል አልሰማችሁም?» ትላለች። ሦስተኛው እግሯን በሁለት ጣቱ ይዞ እየጎተተ «ውልቃት ነው፣ ወጌሻ ይጠራ» ብሎ ይፈርዳል። በቤቱ አያት ካሉ የሁሉንም ምርመራ በትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ «ተዉአት ልጆቼ፣ እሷስ አታድግም» ብለው መዝገቡን ይዘጋሉ። ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ ሙግት ስለ እግሯ ነው። የተቀመጠችበትን ካርቶን ወለል በመዳፉ ዳሰስ አድርጎ ያየ፣ የቀረበላትን መኖ ዘግኖ የመረመረ፣ የፈለፈላት ማሽን ስንት ጊዜ መብራት እንደጠፋበት የጠየቀ አንድም የለም። እኔ የምለው ይህንን ነው፦ አዲስ የተፈለፈለች ጫጩት እግሯ አልታዘዝ ሲላት፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው እኛ ካዘጋጀንላት ወለል፣ ካቀረብንላት መኖ ወይም ከሞቀችበት ማስፈልፈያ ነው። እግሯ ምስክር ሆና ቀርባ ሳለ እኛ ተከሳሽ አድርገን እንመረምራታለን።

በእርግጥ የሌለ በሽታ ማከምም አለ። 21 ቀን በጠባብ ቅርፊት ውስጥ አንገቷን ከክንፏ፣ ጭኗን ከሆዷ አጣብቃ የከረመች ፍጡር በወጣችበት ሰዓት ተነሥታ እንድትሮጥ መጠበቅ ግፍ ነው። ቅርፊቱን መጀመሪያ ከበሳች ጀምሮ ሙሉ በሙሉ እስክትወጣ ግማሽ ቀን፣ አንዳንዴም አንድ ሙሉ ቀን ይፈጅባታል። ያን ሁሉ ታግላ ስትወጣ እርጥብና የደከመች፣ ሁለት እርምጃ ተራምዳ በአፍጢሟ የምትደፋ ናት። ይህ ጤንነት ነው። ለመብላትም አትቸኩልም፤ ከመውጣቷ በፊት የተረፈውን አስኳል ስባ ወደ ሆዷ ስለምታስገባ ሁለት ቀን ያህል ያለ ምግብና ውሃ መቆየት ትችላለች። የአንድ ቀን ጫጩቶች በካርቶን ተደርድረው ከከተማ ከተማ በመኪና የሚጓዙት ይህንኑ ስንቅ ይዘው ነው። ደግሞ «ጉልበቷ ወደ ኋላ ዞሯል!» ብሎ የሚደነግጥ አይጠፋም። የዶሮ ጉልበት ከላባዋ ሥር ተሸሽጎ ነው ያለው፤ ወደ ኋላ ሲታጠፍ የምናየው ቁርጭምጭሚቷ ነው፤ ዶሮ ዕድሜ ልኳን በጣቶቿ ብቻ ቆማ ትሄዳለች። እንግዲህ ጸጉሯ ደርቆ፣ ሙቀት አግኝታ፣ አንድ ቀን አልፏት እያለ መቆም ካቃታት ያን ጊዜ ነው ነገር ያለው። ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ ሰዓት ይቆጠራል። አጥንቷና ጅማቷ ለጋ በሆነባቸው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት በቀላሉ የሚቃናው እግር፣ ሳምንት ካለፈው በተጣመመበት ይጠነክራል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት ለሌላው ጉዳይ ሁሉ ደግ ምክር ሊሆን ይችላል፤ ለራሱ ለእንቁላሉ ግን አይሠራም።

ከሦስቱ ተጠያቂዎች በብዛት የሚገኘውና በቀላሉ የሚረሳው ወለሉ ነው። የጫጩት የጭን ጡንቻ ገና አልጠነከረም፤ ስትቆም የምትተማመነው ጥፍሯ ቆንጥጦ በሚይዘው ነገር ነው። ልሙጥ ነገር ላይ ካቆምናት የምትቆነጥጠው የለም፤ እግሮቿ ወደ ጎን ይሸሻሉ። ተነሥታ ትሞክራለች፣ እንደገና ይሸሻሉ። በዚህ ዓይነት አንድ ቀን ከዋለች መከፈቱ መልክ ይሆንና፣ በኋላ ሻካራ ቦታ ብትወስዷት እንኳ እግሮቿ መሰብሰቡን አያውቁበትም። ታዲያ የእኛ ቤት ለጫጩት የሚያነጥፍላት ምንድን ነው? የሚያብረቀርቅ ካርቶን፣ የፕላስቲክ ሳፋ፣ የኮንዶሚኒየም በረንዳ ሴራሚክ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጋዜጣ። ጋዜጣ የሚመረጠው ኩሱን ጠቅልሎ ለመጣል ስለሚመች ነው፤ ለባለቤቱ ይመቻል ማለት ነው። ጋዜጣ ላይ የተያዘ አቋም እንደማይጸና የፖለቲካ ሰዎች ከጫጩቶች ቀድመው ያውቁታል፤ የጫጩቶቹ ዕዳ ግን በአጥንት የሚከፈል ነው። መድኃኒቱ ከቤት አይጠፋም፦ የታጠበ የቃጫ ጆንያ፣ አሮጌ ፎጣ፣ ሻካራ ጨርቅ። ሰጋቱራም መልካም ነው፤ ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጫጩት ያየችውን ሁሉ እህል ነው ብላ ስለምትለቅም፣ መኖዋን ለይታ እስክታውቅ ድረስ በላዩ ጨርቅ ቢነጠፍበት ይሻላል።

ወለሉ ከተለወጠ በኋላ ነው ወደ እግሯ የሚዞረው። እዚህ ላይ ቀዶ ሕክምና አይጠየቅም፤ ፋርማሲ የሚሸጠው ተራ የቁስል ፕላስተር ይበቃል። ፕላስተሩ በቁመቱ ይቀደድና ከትንሽ ጣት ጥፍር የማይሰፋ ጠባብ ቅዳጅ ይወጣዋል። አንድ ሰው ጫጩቷን በመዳፉ ውስጥ ሰብሰብ አድርጎ ይይዛታል፤ ጭንቅላቷ ከተሸፈነና መዳፉ ከሞቀ ጩኸቷን ትታ ታንቀላፋለች። ሌላው ሰው ቅዳጁን ከጣቶቿ በላይ፣ ከቁርጭምጭሚቷ በታች ባለው ቀጭን አጥንት ላይ አንድ ዙር ይጠመጥመዋል፤ ጤነኛ ጫጩት ቆማ በእግሮቿ መካከል የምትተወውን ያህል፣ ሁለት ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይተውና ወደ ሁለተኛው እግር ይሻገራል፤ ተጠምጥሞ ሲመለስ ሙጫው ከሙጫው ጋር ተጣብቆ በመካከል አጭር ድልድይ ይሠራል። በቃ። በክር ማሰር ግን አይሞከር፣ በላስቲክም እንዲሁ፤ ክር ቆዳዋ ውስጥ ይሰምጥና ደሟን ይቆርጠዋል። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት እንደሚባለው፣ እግር ማሰር ከማከም ይልቅ ለማረድ የቀረበ ጥበብ ስለሆነ ዕለት በዕለት እየፈቱ ማየት ያስፈልጋል፦ ጣቷ አብጧል? ቀለሟ ተለውጧል? መጀመሪያ ስትታሰር ትወድቃለች፣ ትናደዳለች፣ ወደ ኋላ ትሄዳለች። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ትለምደዋለች። ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አምስት ባሉት ቀናት ውስጥ ይፈታል። እስከዚያው ውሃዋ ጥልቅ በሆነ ሳህን አይቅረብ፤ በቆርኪ ወይም ጠጠር በተሞላ የስኒ ማስቀመጫ ቢሆን ወድቃ አትሰጥምበትም። አፏ ውስጥ ውሃ ማንቆርቆርም ደግነት አይደለም፤ ወደ ሳንባዋ ይገባል። የምንቃሯን ጫፍ ብቻ ነከር ማድረግ ይበቃል፣ ቀሪውን እሷ ታውቀዋለች። ብቻዋን ብትለይ ስትጮህ ታድራለች፤ ከሁሉም ጋር ብትተው ደግሞ ወንድሞቿ ያንን ነጭ ፕላስተር ትል ነው ብለው ይነጩታል። አንዲት ረጋ ያለች ጓደኛ ብቻ መስጠት ይሻላል።

የመኖው ነገር ደግሞ ከወለሉ የረቀቀ ነው፤ ምስክሩም ከሩቅ አገር ይመጣል። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ገደማ ክርስቲያን አይክማን የተባለ የኔዘርላንድስ ሐኪም በባታቪያ፣ በዛሬዋ ጃካርታ፣ ወታደሮችንና እስረኞችን እግራቸውን እያሰነፈ የሚገድለውን የቤሪቤሪን በሽታ ያጠና ነበር። የዚያን ጊዜ ሐኪሞች ሁሉ በጀርም ስለተጠመዱ እሱም ጀርሙን በዶሮዎች ላይ ይፈልግ ጀመር። ዶሮዎቹ እግራቸው ሰነፈ፣ ተንገዳገዱ፣ ወደቁ። የሚገርመው ግን ምንም ያልተወጉትም ጭምር ወደቁ። ከወራት በኋላ ደግሞ ማንም ሳያክማቸው ድንገት ዳኑ። ሲጣራ ነገሩ የወጥ ቤት ጉዳይ ሆኖ ተገኘ፦ ለወራት ሲበሉ የነበረው ከወታደራዊው ሆስፒታል የተረፈውን፣ ተፈትጎ የነጣ ሩዝ ነበር፤ በኋላ አዲስ ወጥ ቤት ተቀጠረና «የወታደር ሩዝ ለሲቪል ዶሮ አይሰጥም» ብሎ ከለከለ፤ ዶሮዎቹም ገለባው ወዳልተነሣለት ርካሽ ሩዝ ተመለሱ፣ ተነሥተውም ሄዱ። በዓለም የቢሮክራሲ ታሪክ ውስጥ አንድ እምቢታ ይህን ያህል የጠቀመበት ሌላ ጊዜ መኖሩን እጠራጠራለሁ። አይክማን ራሱ መጀመሪያ የመሰለው በነጩ ሩዝ ውስጥ መርዝ አለ፣ ማርከሻው በገለባው ውስጥ ነው የሚል ነበር። ነገሩ መርዝ ሳይሆን ጉድለት መሆኑን በ1901 እ.ኤ.አ. ያስረዳው ተተኪው ጌሪት ግራይንስ ነው። የጎደለው ነገር ዛሬ ቫይታሚን ቢ1 የምንለው ነው። አይክማን በ1929 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ሆፕኪንስ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። የዶሮዎቹን እግር ብቻ ሲመረምር ቢኖር ኖሮ እስከ መጨረሻው ጀርም ሲፈልግ ይኖር ነበር።

ከዚያ ወዲህ የዶሮ እግር ሌሎች ጉድለቶችንም አጋልጧል። ጣቶቿ ወደ ውስጥ ተጠቅልለው ጡጫ እንደጨበጠች የምትቆም፣ በቁርጭምጭሚቷ የምትሄድ ጫጩት በብዛት የጎደላት ቫይታሚን ቢ2 ነው። ጉድለቱ ከእንቁላሉ በፊት የተጀመረም ሊሆን ይችላል፤ እናቲቱ የበላችው ቢ2 ያነሰው ከሆነ ለልጇ የምታወርሰው አይኖራትም። ይህ ቫይታሚን በጉበት፣ በወተት፣ በእርሾ፣ በአረንጓዴ ቅጠልና በራሱ በእንቁላል ውስጥ አለ። የተቀቀለ አስኳል ፈርፍሮ ለጫጩት መስጠት ለሚሰማው ይቀፋል፤ «እኅቷን አበላችኋት!» የሚል አይጠፋም። ጫጩቷ ግን ከመፈልፈሏ በፊት ስትበላው የኖረችው እሱኑ ነው። ቢ2ቱን እየሰጡ ጣቶቿን ዘርግቶ በቀጭን ካርቶንና በፕላስተር የተሠራ ጫማ ማልበስ ይቻላል፤ ቀለል ያለ ጉዳይ ከሆነ በቀናት ውስጥ ለውጡ ይታያል። የማንጋኒዝ ጉዳይ ከዚህ ይከፋል። ማንጋኒዝ ሲጎድል የቁርጭምጭሚቱ መገጣጠሚያ ያብጥና ከኋላው የሚያልፈው ትልቁ ጅማት፣ የብስክሌት ካቴና ከጥርሱ እንደሚወርድ፣ ከቦይው ወደ ጎን ይወርዳል፤ እግሯም ወደ ውጭ ይጠማዘዛል። ይህን በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ የለዩት በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። ጅማቱ በወረደበት ቀን ከተደረሰበት እጁ የለመደ ሰው በአውራ ጣቱ ገፋ አድርጎ ሊመልሰው ይችላል፤ ከቆየ ግን ተመልሶ ተመልሶ ይወርዳል። በቆሎ በማንጋኒዝ ድሃ እህል ነው። ለጫጩቶቹ ከጠዋት እስከ ማታ የበቆሎ ቂንጬ ብቻ የሚበትን ሰው ያጠገባቸው ይመስለዋል፤ ሆዳቸው ጠግቧል፣ እግራቸው ጾም ላይ ነው። በዚያው ወፍጮ ቤት በር ላይ ለከብት ተብሎ የሚሸጠው የስንዴ ፉርሽካ ግን በማንጋኒዝ የታወቀ ነው። የፈተግነውን መልሰን ብንሰጣቸው ከአይክማን ወጥ ቤት አንሰን አንገኝም።

ስለ ማስፈልፈያው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ማሽኑ 37.5 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል፤ እንቁላሉ እስከ 18ኛው ቀን በየጊዜው መገላበጥ አለበት። ሙቀቱ ሲበዛ ጫጩቷ ሳትደርስ ትቸኩላለች፣ ጣቷ ተጣሞ ሊወጣ ይችላል፤ ሲያንስ ዘግይታ፣ ደክማ ትወጣለች። መብራት በየሰዓቱ በሚሄድበትና በሚመጣበት ሰፈር ያለ ጄኔሬተር የሚያስፈለፍል ሰው፣ አልፎ አልፎ እግረ ሰንካላ ጫጩት ቢያገኝ በጎረቤት ዓይን ላይ ከማላከክ የሙቀት መለኪያውን ቢያይ ይሻለዋል። እዚያም ቢሆን ወለል አለ፤ ጫጩቶቹ የሚወጡበት ትሪ ልሙጥ ብረት ወይም ፕላስቲክ ከሆነ እግራቸው የመጀመሪያውን ትምህርት የሚማረው ከዚያ ነው።

አሁን ተቃዋሚዎቹ ይምጡ። የመጀመሪያው «ተፈጥሮ ራሷ ትጥላታለች፤ እናቷም ብትሆን ትታት ነው የምትሄደው» ይላል። እውነት ነው፣ እናት ዶሮ ለአንዲት አንካሳ ብላ አሥሩን ለጭልፊት አትተውም። ነገር ግን ተፈጥሮን የጠራ ሰው ሙሉውን ይስማት፦ እናት ዶሮ ልጆቿን ጋዜጣ ላይ አታሳድግም። በአፈርና በጭድ ላይ፣ ከክንፏ ሥር፣ ትልና ቅጠል እየጫረች ነው የምታሳድጋቸው፤ በእሷ ዘንድ ይህ የእግር መከፈት እምብዛም የማይታየው ለዚህ ነው። ወለሉን ሰው ሠርቶት ሞቱን ለተፈጥሮ መስጠት አይሆንም። ሁለተኛው «ዘሯ ነው» ይላል። ዘርም እውነት አለው። ለሥጋ የተመረጡት የውጭ ዝርያዎች በስድስት ሳምንት ከሁለት ኪሎ በላይ ሲመዝኑ እግራቸው የማይሸከማቸው በዘራቸው ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ያንን ዘር ደረቷን እያየ፣ እግሯን እየረሳ የመረጠው ማን ነው? ተከሳሹ ዞሮ ዞሮ ያው ሰው ነው። ሦስተኛው ነጋዴ ነው፦ «ሌላ ጫጩት ብገዛ ከዚህ ሁሉ ልፋት ይረክሰኛል።» ስለ አንዲቷ ጫጩት ከሆነ ሒሳቡ ትክክል ነው። ግን አዲሷን የሚያስቀምጣት የት ነው? እዚያው ልሙጥ ወለል ላይ፣ በዚያው በቆሎ። አንዷ ስትወድቅ ዘጠና ዘጠኙ የቆሙት ስለተረፉ ሳይሆን ገና ስላልወደቁ ሊሆን ይችላል። የወደቀችው ያለ ክፍያ የመጣች መርማሪ ናት፤ እሷን ጥሎ ሌላ መግዛት ሪፖርቱን ሳያነቡ ቀዶ መጣል ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ አራተኛው ነው፤ «ይህ ለእናንተ ደስታ እንጂ ለእሷ ስቃይ ነው» የሚለው። ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ሰው ደግ መሆኑን ለማየት ሲል የማትድን ጫጩትን ሁለት ሳምንት በፕላስተርና በጠብታ ያሰቃያል፤ ልጆቹ ስም አውጥተውላት ከሆነማ መተው ጨርሶ አይሞከርም። ስለዚህ ወሰን ያስፈልጋል። የምትበላ፣ የምትጠጣ፣ ለመነሣት የምትታገል ጫጩት ዕድል ይገባታል። ወለሉና መኖው ተስተካክሎ፣ ታስራም በጥቂት ቀናት ውስጥ ምንም ያልተሻላት፣ መብላት ያቆመች፣ ጅማቷ በሁለቱም እግር ወርዶ የቆየ ከሆነ፣ አጣድፎ ሥቃይዋን ማሳጠር ከፕላስተሩ የበለጠ ምሕረት ነው። ፕላስተር የማይመለከታቸው በሽታዎችም አሉ። ሃንጋሪያዊው የእንስሳት ሐኪም ዮዠፍ ማሬክ በ1907 እ.ኤ.አ. የገለጸውና በስሙ የሚጠራው የቫይረስ በሽታ አንዱን እግር ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ ዘርግቶ ሽባ ያደርጋል፤ የሚታየው ግን ሳምንታት ባለፉት ዶሮ ላይ ነው፣ በአንድ ቀን ጫጩት ላይ አይደለም፤ ክትባቱ ግን በተፈለፈሉበት ቀን ይሰጣል። ፈንግልም ያሽመደምዳል፣ አንገትም ያጣምማል፤ በአንድ ጊዜ ብዙዎቹ ከወደቁ ወጌሻውም እኔም ዞር ብለን የእንስሳት ሐኪም ይጠራ።

የመጨረሻው ተቃዋሚ ፈገግ እያለ ነው የሚመጣው። «እሺ፣ ይህን ሁሉ ደክማችሁ አዳናችኋት። ‹እሷ› እያላችሁ አስታመማችኋት። ከአራት ወር በኋላ አውራ ዶሮ ሆና ብትጮህስ?» ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ስለሆነ ጥያቄው ተገቢ ነው። እንቁላል ጠብቆ ኩኩሉ የሚሰማ ሰው ማዘኑ አይቀርም። ግን የበዓል ዋዜማ ገበያውን ያስብ። ገዢው አውራውን በክንፉ ሥር ይዞ በእጁ ይመዝናል፣ ደረቱን ይዳብሳል፣ ኩክኒውን ያያል፣ ከዚያም መሬት አስቀምጦ ሁለት እርምጃ ያስኬደዋል። በዚያች ሁለት እርምጃ ላይ የሚያነክስ አውራ በግማሽ ዋጋ ይጠየቃል፣ ሻጩም ወደ ቤቱ ይዞት ይመለሳል። ቀጥ ብሎ የሄደውን ግን ማንም በልጅነቱ በፕላስተር ታስሮ እንደነበር አይጠይቅም፤ ሻጩም ሳይጠየቅ አይናገር።